ከጅማ ናይሮቢ በመኪና፦ ረጅሙ ቀን ያቤሎ ላይ ይጀምራል

ከጅማ ናይሮቢ በመኪና 1,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፦ እስከ አዲስ አበባ 350፣ ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 አካባቢ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ ደግሞ ወደ 780። እኔና ጓደኛዬ በሦስት ቀንና በአንድ ሌሊት ጨረስነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደማንኛውም የመንገድ ቀን ያልፋሉ። ሰው የሚሰብረው ሦስተኛው ነው፤ ከያቤሎ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታችሁ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ናይሮቢ የምትገቡበት። ስለዚህ ያቀድነው ከዚያ ቀን ተነስተን ወደ ኋላ እየቆጠርን ነበር። ድንበሯ ከተማ ሞያሌ ላይ ማህተሙ፣ ሽልንጉ፣ ሲም ካርዱና ትኬቱ ተደማምረው ግማሽ ቀን ይበላሉ፤ እዚያ ከረፋዱ 4 ሰዓት ለመድረስ ያቤሎ ማደር የግድ ነው። ያቤሎ ለማደር ከአዲስ አበባ ገና ሳይነጋ መውጣት፣ ለዚያ ደግሞ ከጅማ አንድ ቀን ቀድሞ መነሳት።

ካርታ ያየ ሰው በጭዳና በተርጫ በኩል ወላይታ ሶዶ ወጥቶ ሻሸመኔ መግባትን ይመክራል። መንገዱ አለ፣ ያሳጥራልም። ችግሩ በየከተማው መኪና መቀየር ነው፤ አንዷ ሚኒባስ ካልሞላች ቀኑ ሄደ። ድንበር የሚሻገር ሰው አንድ ቀን ቢያመልጠው ተከታዩም ይዘበራረቅበታል፤ ስለዚህ ዙሪያውን መረጥን።

ከወረቀቱ ልጀምር። ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም፤ የቢጫ ወባ ካርድ ግን ይጠየቃል። ክትባቱ ሥራ የሚጀምረው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ አንዴ ከተወጉ ደግሞ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ካርዱ ላይ ስማችሁ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ፓስፖርቱን አውጥታችሁ ፊደል በፊደል አስገልብጡ። ስማችን በላቲን ፊደል አሥር ዓይነት ስለሚጻፍ፣ አንዲት ፊደል ያላት ወይም የሌላት ካርድ የሌላ ሰው ናት ተብላ ታከራክራለች።

ሻንጣችን እያንዳንዱ 40 ሊትር፣ ክብደቱ ከ9 ኪሎ የማይበልጥ ነበር። ማንጠልጠያ የበዛበት ሻንጣ አውቶብስ ጣሪያ ላይ ሲጫን ገመድ ይይዘዋል፣ ረዳቱ ሲጎትተው ይተረተራል። መላው ማዳበሪያ ነው። ንጹሕ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ግዙ፣ ሻንጣውን በቁሙ ክተቱት፣ አፉን በወስፌና በሲባጎ በሰፋፊው ስፉት። አቧራም፣ የጎረቤት ጀሪካን ዘይትም አይነካውም። ሦስት ሜትር ትርፍ ሲባጎና ወስፌዋን በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ ፍተሻ ላይ ስለሚያስፈቱት መልሳችሁ ትሰፉታላችሁ። ማዳበሪያ ሁሉ ስለሚመሳሰል ደግሞ በቀይ ቀለም በአራቱም ጎን ምልክት አድርጉበት። እኛ በአንድ ጎን ብቻ ቀብተን ምልክቱ ወደ ታች ሆኖ ተጫነ፤ ማውረጃው ላይ ሃያ ደቂቃ ማዳበሪያ ስናገላብጥ ነበር።

ስንቅ ከጅማ የሚያዘው ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራው ጭኮ ነው። ለሁለት ሰው አንድ ኪሎ ለሦስት ቀን ይተርፋል፣ ውሃም ሙቀትም አይፈልግም። ቅቤው ግን ከያቤሎ በታች ባለው ሙቀት ይቀልጥና ከላስቲክ ውስጥ ይንጠፈጠፋል፤ ክዳኑ በሚጠመዘዝ ቆርቆሮ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ ዕቃ ያዙት። ቆሎውንም ወደ ጨርቅ ከረጢት ገልብጡት፣ ምክንያቱም ኬንያ ከ2017 (በእነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ ፌስታል ከልክላለች። እኛ አገር ሁሉ ነገር በፌስታል ስለሚጠቀለል፣ ሳይታወቅ አምስት ስድስቱ ሻንጣ ውስጥ ይገኛል። ጥሬ ቡና ደግሞ ለስጦታም ቢሆን አትያዙ። የሞያሌ መስመር የቡና ኮንትሮባንድ የሚፈለግበት ነው፤ ሁለት ኪሎ ቡና ይዞ ለማስረዳት መሞከር ጣጣ መግዛት ነው።

ወንበር ሲመረጥ በሁለቱም ቀን በሾፌሩ በኩል ያለውን ያዙ። ከጅማ አዲስ አበባ ጠዋት ፀሐይ በቀኝና በፊት ትመጣለች፤ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ከሰዓት በኋላ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ሙቀቱ ሲከር፣ አሁንም ቀኙን ትመታለች። ከኋላ ጎማ በላይ ያለውንና የመጨረሻውን ረድፍ ተዉት። መንገዱ ከጅማ 1,780 ሜትር ከፍታ ተነስቶ ጊቤ ሸለቆ ወደ 1,100 ሜትር ይወርድና ጠመዝማዛውን መልሶ ወደ ወልቂጤ ይወጣል፤ የሚያስመልሰው እዚያ ነው። መስኮቱ አጠገብ ራሳችሁ ተቀመጡ። ሌላ ሰው ከያዘው ‘ብርድ ይመታኛል’ ብሎ ጊቤ ላይ እንኳ አይከፍትም፤ ይህን ክርክር ያሸነፈ ሰው አላየሁም።

አዲስ አበባ ስትደርሱ መሃል ከተማ ማደር ስህተት ነው። የደቡብ መኪና ከቃሊቲ መናኸሪያ ስለሚነሳ በዚያው አካባቢ አልጋ ያዙ። ሁለተኛው ቀን ብዙ የሚባልለት የለውም፦ ሞጆ፣ ሻሸመኔ፣ ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ቡሌ ሆራ፣ ያቤሎ። ከመሳፈራችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም ከሹፌሮች ጠይቁ፤ እነሱ ከማንም ቀድመው ያውቃሉ። ያቤሎ ከተማው ከዋናው መንገድ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ይላል። መገንጠያው ላይ ካደራችሁ ሌሊት ባጃጅ ፍለጋ አትንከራተቱም።

ረጅሙ ቀን መጣ። ከያቤሎ በሜጋ በኩል ሞያሌ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ኬላ ስላለበት አራት ሰዓት መድቡለት። ሞያሌ አንድ ከተማ ሁለት አገር ናት፤ የአካባቢው ሰው ለገበያ ወዲያ ወዲህ ሲል አይታችሁ ተከትላችሁ እንዳትሻገሩ። ከኅዳር 2013 ወዲህ የጋራ የድንበር ጣቢያ ስላለ፣ በአሠራሩ የመውጫውም የመግቢያውም ማህተም የሚመታው በምትገቡበት አገር ሕንፃ ውስጥ ነው። ሁለት መስኮት፣ ሁለት ማህተም። ከመስኮቱ ሳትርቁ ፓስፖርቱን ገልጣችሁ ቁጠሩ፣ ቀኑንና የተፈቀደላችሁን የቆይታ ጊዜ አንብቡ። የጎደለ ማህተም ኬንያ ውስጥ ማርሳቢት ላይ ከታወቀ 250 ኪሎ ሜትር መመለስ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ሰው መሆን ይጠቅማል። አንዱ ወረፋ ይይዛል፣ ሌላው ዕቃው ላይ ይቀመጣል፤ ሁለታችሁም ዕቃውን ትታችሁ ወይም ሁለታችሁም ዕቃ ተሸክማችሁ ወረፋ አትቁሙ። ገንዘብ የያዘው ሰው ዋጋ አይከራከር፤ ኪሱን እየዳሰሰ የሚከራከር ሰው ለደላላ ክፍት መጽሐፍ ነው። ሙቀቱ ራስ ምታት ካመጣ ቡና አይፈታውም፦ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጣችሁ ቀስ እያላችሁ ጠጡ።

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ብዙ ሰው ያስቀራል። የሁለቱ አገር ሰዓት አንድ ነው፣ አቆጣጠሩ ይለያያል። የሚያስቀው፣ ስዋሂሊም እንደ እኛ ከንጋት ይቆጥራል፤ ሻጩ በአፉ ‘ሳ ኩሚ’ ካለ የእኛው 10 ሰዓት ነው። ወረቀቱ ላይ ግን የሚጻፈው 4 ነው። እኛ ትኬቱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ‘በእኛ 10’ ብለን ጻፍንበትና ለሻጩ አሳየነው። መኪናው በግራ እንደሚነዳም አትርሱ፤ አስፋልት ስትሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ።

አፋን ኦሮሞ የሚችል የጅማ ሰው ከዚህ በኋላም እንግዳ አይሆንም። ቦረናዎች ሞያሌም፣ ማርሳቢትም፣ ኢሲዮሎም ስላሉ የዘዬው ልዩነት ትንሽ ቢያስቸግርም ውሃና ሽንት ቤት ለመጠየቅ እንግሊዝኛ አይጨንቃችሁም። እስከ ኢሲዮሎ ፖሊስ በየኬላው አስወርዶ መታወቂያ ያያል። ፓስፖርቱን ከማህተሙ ገጽ ላይ ወረቀት አድርጋችሁ በደረት ኪስ ያዙ፣ ጫማም አታውልቁ። ተራ በተራ ተኙ፤ ነቅቶ የሚቆየው የሁለቱንም ፓስፖርት ይይዛል።

ከኢሲዮሎ በኋላ መኪናው ወደ ኬንያ ተራራ ግርጌ ስለሚወጣ፣ ቀን ሞያሌ ላይ ያላበው ሰው ሌሊት ናንዩኪ አካባቢ፣ ምድር ወገብ ላይ፣ ይንቀጠቀጣል። ጋቢውን ማዳበሪያው ውስጥ ሰፍታችሁ ጣሪያ ከሰቀላችሁት የለም ማለት ነው፤ እኛ አንዱን ጋቢ በእጅ ይዘን ለሁለት ለበስነው። መኪናው የሚያወርድበት የናይሮቢ ሰፈር ኢስሊ ስትደርሱ ገና ካልነጋ ከትኬት ቢሮው ደጃፍ አትራቁ። ማዳበሪያውን በወስፌ ፈትታችሁ፣ ሻንጣውን አውጥታችሁ፣ ማዳበሪያውን አጥፋችሁ መልሳችሁ ያዙ፤ ለመልሱም ያው ጣሪያ ነው።