የለገጣፎው አኳሪየም እና የአሜሪካው ባላስት

ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ለገጣፎ የሚኖሩ የቆዩ ደንበኞች አሉኝ፤ ጋሼና እትዬ። አንድ ምሽት እትዬ ደወሉ። «ልጄ፣ ሳሎኑ ጎማ ጎማ ይሸታል። የተቃጠለ ጎማ!» አሉኝ። ብሬከሩን አሁኑኑ እንዲያወርዱት ነግሬያቸው የኤሌክትሪክ መሥሪያ ዕቃዬን ይዤ ወጣሁ።

ጋሼ ከአሜሪካ ጠቅልለው ሲገቡ ከዕቃቸው ሁሉ የሚሳሱለት ባለ 250 ዋት ሜታል ሃላይድ የሚባል ኃይለኛ የአኳሪየም፣ ማለትም የዓሣ ገንዳ፣ መብራት ነበር። ውሃው ውስጥ ተክል ያሳድጋሉ፤ ተክሉ ደግሞ ብርሃን ይፈልጋል። በዚያ ላይ ይሄ መብራት ከአንዲት ትንሽ ነጥብ ስለሚወጣ፣ የውሃው እንቅስቃሴ ታች አሸዋው ላይ እየተርገበገበ ይታያል። እውነትም ያምራል።

መብራቱን የገጠመላቸው ሌላ ባለሙያ ነው። በኮምፔንሳቶ ክዳን አሠርቶ አምፖሉንም፣ ለአምፖሉ ከረንት የሚመጥንለትን ባላስቱንም እዚያው ውስጥ አስገብቶታል። ለአየር የተተወው ከኋላ ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ ብቻ ነው። ክዳኑን አነሳሁት። በባላስቱ በኩል ያለው ኮምፔንሳቶ ጠቁሮ በጣት ሲነኩት እንደ ከሰል ይፈረፈራል። የገመዱ ላስቲክ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዓሦቹ ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ቴርሞሜትሩ 31 ዲግሪ ይላል።

ባላስቱን ገልብጬ የተለጠፈበትን አነበብኩ፤ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ።

«ትራንስፎርመር አለው እኮ! 220ውን ያወርድለታል» አሉ ጋሼ።

አለው። ግን ትራንስፎርመር የሚያወርደው ቮልቴጁን ነው፣ ኸርዙን፣ ማለትም ከረንቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ አይነካም። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። የማግኔቲክ ባላስት ሥራው በአምፖሉ የሚያልፈውን ከረንት መገደብ ነው። ኸርዙ ከ60 ወደ 50 ሲወርድ በብረቱ ላይ የተጠቀለለው ሽቦ የመገደብ አቅም አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። ከረንቱ ይጨምራል፣ ብረቱም ከሚገባው በላይ ይግላል። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ሁሉ በትራንስፎርመር ይሠራል ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። ለቻርጀር ችግር የለውም፤ አብዛኛው ቻርጀር 50ም 60ም ይቀበላል። ሞተርና ማግኔቲክ ባላስት ግን ሌላ ነገር ናቸው።

ሁለተኛው ጣጣ ክዳኑ ነው። አምፖሉ የሚበላው 250 ዋት ዞሮ ዞሮ ሙቀት ይሆናል፤ ብዙው የሚቀረውም እዚያችው ሳጥን ውስጥ ነው። እኛ ደግሞ የምንኖረው ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየራችን በባሕር ወለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ስስ ስለሆነ ሙቀት ይዞ የመውጣት አቅሙም ያንሳል። ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው። ዓሦቹንም ያፈናቸው ሙቀቱ ነው፤ በከፍታችን ምክንያት ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን ድሮውንም ትንሽ ነው፣ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል።

ኤልኢዲ ይሁን ብዬ ለመንኳቸው። «ያ የሚርገበገበው ብርሃንስ?» አሉኝ። ሰው የሚወደውን ማክበር የሥራችን አካል ነው፣ አልተከራከርኩም።

መርካቶ ሄጄ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ የሚል ባላስት ገዛሁ። እሱን ክዳኑ ውስጥ ሳላስገባ አጠገቡ ባለው ቁምሳጥን ውስጥ በላሜራ ላይ አሠርኩት፤ የቁምሳጥኑን ጀርባም ከፈትኩለት። አምፖሉን የሚያስነሳውን ኢግኒተር ግን አላራቅኩትም። ሲነሳ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚረጭ ከአምፖሉ ቅርብ መሆን አለበት። ከእሱ ወደ አምፖሉ የሚሄደውም ያንን ቮልቴጅና ሙቀቱን የሚችል የሲሊኮን ሽቦ ነው። ለሶኬት የምንዘረጋው ተራ ገመድ እዚያ ቦታ የለውም።

ክዳኑ ላይ ሁለት ማራገቢያ ገጠምኩ፤ አንዱ ያስገባል፣ ሌላው ይስባል። ከአምፖሉ ሥር መሆን የነበረበት መስታወት ወልቆ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ውሃ እየመታው ነጭ ነጠብጣብ ስለያዘ ነው ያወለቁት። በሆምጣጤ አጥቤ መለስኩት። እትዬን ጠርቼም ለምን እንደሆነ አስረዳኋቸው። በዚህ ዓይነቱ አምፖል ዓይንና ቆዳ የሚጎዳውን ዩቪ ጨረር የሚያስቀረው ያ መስታወት ነው። በዚያ ላይ አምፖሉ እንደጋለ የውሃ ጠብታ ቢነካው ሊፈነዳ ይችላል። አምፖሉን በባዶ እጅ እንዳይነኩትም ነገርኳቸው፤ የጣት ቅባት የነካው ቦታ ሲግል ይበላሻል።

መስመሩ ላይ 30 ሚሊአምፔር ሲያፈስ የሚቆርጥ ብሬከር ጨመርኩ። ገመዱ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ እንዲል አደረግኩ። ውሃ ገመዱን ተከትሎ ቢወርድ እዚያ ይንጠባጠባል፣ ሶኬት ውስጥ አይገባም።

ስንሞክረው መብራት ሄዶ ወዲያው መጣ። አምፖሉ ግን አልበራም። ጋሼ ደነገጡ። «ይጠብቁ፣ ካልበረደ አይነሳም፣ አሥር ደቂቃም ከዚያ በላይም ይፈጃል» አልኳቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እትዬ ቡና አቀረቡ። ሲበራ ቴርሞሜትሩን አብረን ስናይ አመሸን። 26 ላይ ቆመ።

ልወጣ ስል ጋሼ የድሮውን ባላስት አንስተው «ይኼን ለሚፈልግ ሰው ስጥልኝ» አሉኝ። ፒንሳዬን አውጥቼ ሽቦውን ከሥሩ ቆረጥኩት።