20 በመቶ ሲቆረጥ 20 በመቶ መጨመር አይበቃም

ዛሬ ከአንድ ወዳጄ ጋር ለአዲስ ደንበኛ የሚልከውን ዋጋ ስናሰላ ዋልን። እጁ ላይ እንዲገባለት የሚፈልገው 100 ዶላር ነው። ሥራው የመጣው በፋይቨር (በግላቸው የሚሠሩ ባለሙያዎችን ከደንበኛ በሚያገናኘው ድረ ገጽ) ስለሆነ 20 በመቶ ኮሚሽን ይቆረጥበታል። «እንግዲህ 120 ልበል» አለኝ። ብዙ ፍሪላንሰር እንዲህ ነው የሚያስበው፤ በዚህም የድካሙን ዋጋ ሳያውቀው ይጥላል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ኮሚሽኑ የሚቆረጠው ከምትፈልጉት 100 ላይ ሳይሆን ከጠየቃችሁት ጠቅላላ ዋጋ ላይ ነው። ከ120 ላይ 24 ሲነሳ 96 ይቀራል።

ስለዚህ መደመሩን ተዉትና አካፍሉ። ከኮሚሽኑ በኋላ የሚተርፍላችሁ ድርሻ 80 በመቶ ከሆነ፣ 100ን ለ0.80 ስታካፍሉ 125 ይመጣል። ኮሚሽኑ 10 በመቶ ቢሆን ለ0.90 ነው፤ 111 ዶላር ከ11 ሳንቲም ገደማ። ገንዘቡን ወደ ባንክ ለማውጣት የሚከፈል ነገር ካለ (ብዙ ጊዜ አይጠፋም) ከማካፈላችሁ በፊት ደምሩት። 2 ዶላር ቢሆን፣ 102 ለ0.80፣ 127.50 ዶላር።

ቅናሽ ስትጠየቁም ሂሳቡ ይኸው ነው። ከ125ቱ ላይ 10 በመቶ ብትቀንሱ ደንበኛው 112.50 ይከፍላል፤ እናንተ ጋ የሚደርሰው ግን 90 ነው። እሺ ከማለታችሁ በፊት ይቺን 90 እዩአት።