«የምን ድርጅት ነው የሚከለክለኝ?»

ጥር ሲገባ ሠርጉ ይበዛል፤ ሠርጉ ሲበዛ የቪዲዮ ሠሪዎች ስልክ ወደ እኛ ይበዛል። አራት ኪሎ ወዳለው የኮምፒውተር ጥገና ሱቃችን ደውለው የጠሩኝ ጋሼ ቀድሞ ፒያሳ ፎቶ ቤት የነበራቸው ሰው ናቸው። ሱቁ ከተነሳ ወዲህ ሥራውን ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ ወዳለው መኖሪያ ቤታቸው አዛውረውታል። «ልጄ፣ እዚህ ቤት ያሉት ኮምፒውተሮች ተኳርፈዋል፤ መጥተህ አስታርቃቸው» አሉኝ።

ሳሎን ውስጥ ዊንዶውስ 11 የተጫነበት ዴስክቶፕ አለ፤ ከካሜራ የሚወርደው ቀረጻ ሁሉ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ትልቋ ልጃቸው ከኋላ ባለው ክፍል በማክቡክ ኤዲት ታደርጋለች። አምስት ኪሎ ኢንጂነሪንግ የሚማረው ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ያለቀውን ሥራ ኡቡንቱ የተባለውን ሊኑክስ በጫነ ላፕቶፑ ላይ በመጠባበቂያነት ይይዛል። በኔትወርክ ማሽኖቹ ስለማይተያዩ ፋይሉ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው በእጅ ነበር። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ስለሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩ በዊንዶውሱ ፎርማት፣ በኤንቲኤፍኤስ ነው፤ ይኼን ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ስለዚህ ልጅቱ ጥሬውን መውሰድ ትችላለች፣ ያለቀውን ግን መመለስ አትችልም። ቅልቅሉ እሁድ ነው፤ ፊልሙ የሚታየውም እዚያው ነው።

ቡና እስኪፈላ ሦስቱም መፍትሔያቸውን ነገሩኝ። ጋሼ ማኩ ተሽጦ ሌላ ዊንዶውስ ይገዛ አሉ። ልጅቱ ክላውድ ላይ ይጫን አለች። ቀረጻው 60 ጊጋባይት ነው፤ በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ከ26 ሰዓት በላይ ይፈጃል፣ ያውም መብራት ካልጠፋ። ታናሽየው አንድ ቪዲዮ አይቶ ኖሮ «ኤስኤምቢ1ን ብናበራው ያልቃል» አለኝ። ኤስኤምቢ ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ፋይል የሚጋሩበት ቋንቋ፣ ማለትም ፕሮቶኮል ነው፤ 1 የድሮው ስሪቱ ነው። እጁ ማውሱ ላይ ነበር።

እሱን ቶሎ አስቆምኩት። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ኮምፒውተር ሲቆልፍ የተሰራጨው በዚሁ አሮጌ ፕሮቶኮል ቀዳዳ ነው፤ ማንም ምንም ሳይጫን ከማሽን ወደ ማሽን ይተላለፍ ነበር። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ቀጠሮ ሰርዘዋል። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ማይክሮሶፍት አዲስ ከሚጫነው ዊንዶውስ 10 ኤስኤምቢ1ን ማስወገድ ጀመረ፤ ሊኑክስ በኤስኤምቢ ፋይል የሚያጋራበት ፕሮግራም ሳምባም በ2019 እ.ኤ.አ. ከ4.11 ስሪቱ ጀምሮ ዘጋው። ቪዲዮው ጭራሽ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። የድሮው የኔትወርክ ዝርዝር በእርግጥም በዚህ ፕሮቶኮል ላይ ስለቆመ፣ ሲያበሩት አንዳንድ ጊዜ የጠፋው ስም ብቅ ይላል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው።

ደግሞ ማክና ዊንዶውስ አይግባቡም የሚለው ወሬ ያረጀ ነው። ማክ ከ10.9 ስሪቱ ማለትም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፋይል ለማጋራት በቅድሚያ የሚጠቀመው ኤስኤምቢን ነው። ሊኑክስም ሳምባ አለው። አንድሩ ትሪጅል የተባለ አውስትራሊያዊ ካንቤራ ተማሪ ሳለ፣ በኬብሉ ውስጥ የሚያልፈውን እየተመለከተ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የጀመረው ሥራ ነው። ሦስቱም ማሽኖች በአንድ ፕሮቶኮል ይሠራሉ፤ ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

እኔ የኮምፒውተሩን ስም አልፈልግም፤ መጀመሪያ የምጠይቀው አድራሻ ነው። ዴስክቶፑ 192.168.1.10 አለ። ማኩ 192.168.0.104። ሦስተኛው ቁጥር ተለያይቷል። «ሌላ ራውተር አለ እንዴ?» ብል ታናሽየው አንገቱን ደፋ፤ የኋላው ክፍል ዋይፋይ ስለማይደርሰው ከመርካቶ አንድ ገዝቶ በኬብል ቀጥሎታል። ኢንተርኔቱ ሁሉም ጋ ስለሚሠራ ማንም አልጠረጠረም። ነገር ግን ሁለተኛው ራውተር የራሱን ኔትወርክ ፈጥሮ ላፕቶፖቹን ከኋላው ደብቋቸዋል። ከእነሱ ወደ ዴስክቶፑ መሄድ ይቻላል፣ ከዴስክቶፑ ወደ እነሱ ግን አይቻልም፤ ኮምፒውተሮች «አለሁ» የሚባባሉበት መልእክትም ራውተሩን አይሻገርም። ኬብሉን ከሁለተኛው ራውተር ዋን (የውጭ መስመር) ከሚለው ቀዳዳ ነቅዬ ላን (የቤት ውስጥ) ከሚሉት በአንዱ ሰካሁት፣ አድራሻ ማደሉን አጠፋሁበት፣ የራሱንም አድራሻ ከዋናው ጋር እንዳይጋጭ ቀየርኩ። ከዚያ በኋላ ሁሉም 192.168.1 ሆኑ።

ከማኩ ፒንግ ሳደርግ፣ ማለትም «አለህ?» ብዬ ስጠይቅ፣ ዴስክቶፑ አሁንም ዝም። ይኼ ቀላል ነው፤ ዊንዶውሱ የቤቱን ኔትወርክ ፐብሊክ ብሎ መዝግቦታል፣ ካፌ ውስጥ እንደተቀመጠ መከላከያውን፣ ፋየርዎሉን፣ ዘግቶ። ፕራይቬት አልኩትና ፋይል ማጋሪያውን ፈቀድኩ፤ መለሰ።

ከዚያ ማኩ ላይ የዴስክቶፑን አድራሻ በቁጥር አስገባን። ስምና ፓስወርድ ጠየቀ። ጋሼ በኩራት መጥተው ኮምፒውተራቸውን የሚከፍቱበትን አራት ቁጥር ነገሩን። እምቢ አለ። ደገሙት፣ እምቢ። «እኔ በየቀኑ የምከፍትበት ነው እኮ!» እውነታቸውን ነው፤ ግን ያ ፒን ነው፣ ፒን ደግሞ ከዚያው ማሽን አይወጣም። ኔትወርኩ የሚፈልገው የአካውንቱን ፓስወርድ ሲሆን እሱን ማሽኑ ሲገዛ የሞላው ሻጩ ነው። ለማጋራት ብቻ የሚሆን ሌላ አካውንት እዚያው ዴስክቶፑ ላይ ከፈትኩ። ፎልደሩ ላይ ፈቃድ የሚሰጠው ሁለት ቦታ መሆኑን ብዙ ሰው ይረሳል፦ አንዱ ሼሪንግ የሚለው ጋ፣ ሌላው ሴኪዩሪቲ የሚለው ጋ። ከሁለቱ ይበልጥ ጥብቅ የሆነው ያሸንፋል። ልጅቱ ፎልደሩን ከፍታ መጻፍ ያልቻለችው ለዚህ ነበር፤ በአንዱ ሙሉ ፈቃድ ሰጥቼ ሁለተኛውን ሳስተካክል መጻፍ ቻለች።

የቀረው ወደ ኡቡንቱው መሄድ ነው። ታናሽየው ፎልደሩን ያለ ፓስወርድ፣ በእንግድነት እንዲከፈት አድርጎ አጋርቶታል። ጋሼ ከዴስክቶፑ ሲጫኑት ዊንዶውስ፣ የድርጅትዎ የደህንነት ፖሊሲ ማንነቱ ያልተረጋገጠ እንግዳ አያስገባም የሚል ነገር በእንግሊዝኛ አወጣ። ልጅቱ ተረጎመችላቸው።

«የምን ድርጅት?» አሉ። «በገዛ ቤቴ የምን ድርጅት ነው የሚከለክለኝ?»

ድርጅት የለም። የእሳቸው ዊንዶውስ 11 ፕሮ ስሪቱ 24ኤች2 ነው፤ ከዚህ ጀምሮ የእንግዳ መግቢያ ሲጫን ጀምሮ ዝግ ነው፤ መልእክቱን የጻፈው ሰው ግን ኮምፒውተር ሁሉ መሥሪያ ቤት ያለ መስሎታል። ክልከላውን ማንሳት ይቻላል፤ አላነሳሁትም። ኡቡንቱው ላይ ለጋሼ ተጠቃሚ ፈጥረን የሳምባ ፓስወርድ ሰጠነው። ታናሽየው የሊኑክሱን ፓስወርድ ቢያስገባ ለምን እንዳልሠራለትም ያኔ ገባው፤ ሳምባ የራሱን መዝገብ ስለሚይዝ እዚያ ለብቻው መሙላት ያስፈልጋል።

ፎልደሩ ሲከፈት ሌላ ነገር ታየ። ታናሽየው ሰዓት የጻፈባቸው ፋይሎች ስማቸው ተቆራርጦ መሐሉ የማዕበል ምልክት (~) ገብቶበታል። ሊኑክስ በፋይል ስም ውስጥ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ «:» ይፈቅዳል፣ ዊንዶውስ አይፈቅድም፤ ሳምባም እንዲነበብለት ስሙን አሳጥሮ ያቀርባል። የእኛው «፡» ሌላ ፊደል ስለሆነ ችግር የለበትም። አማርኛ ስሞቹም ሦስቱም ላይ በትክክል ተነበቡ።

መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ አድራሻ አዛብቶ እንዳያድል ለየማሽኑ ቋሚ ቁጥር አስያዝኩ፤ ይኼን ሳላደርግ ብሄድ በሳምንቱ እንደገና እጠራ ነበር። ቅጂው ተጀመረ። የራውተሩ ቀዳዳዎች በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ብቻ ስለሚያሳልፉ 60ው ጊጋባይት በኬብልም ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ጊጋቢት ያለው ቢሆን አሥር ደቂቃ ግድም ነበር። ጋሼ ይኼን ሲሰሙ የራውተር ዋጋ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ብዙ አይደለም አሉ።

ሒሳብ ልንነጋገር ስንል ታናሽየው የሳሎኑን ቴሌቪዥን አሳየኝ፤ እሱም ፎልደሩን እንዲያይለት ፈልጎ። አሮጌ ነው፣ ከኤስኤምቢ1 ሌላ አያውቅም። «ለእሱ ብቻ ብናበራውስ?» አለኝ። ዴስክቶፑ ላይ የሰው ሠርግ በሙሉ ተቀምጧል፤ ለቴሌቪዥን ተብሎ አይበራም። ፊልሙን ቴሌቪዥኑ በሚቀበለው መጠን አሳንሳችሁ በፍላሽ ስጡት አልኩ።

«ድሮስ በፍላሽ አልነበር እንዴ የምንሠራው?» አሉ ጋሼ፣ ሒሳቡን ለመቀነስ የሚሆን ነገር እንዳገኙ ሁሉ።