ለበረሃ ውድድር መኪና እሳት ማጥፊያ ስገጥም የተማርኩት

የውድድሩ መርማሪ ጎንበስ ብሎ እሳት ማጥፊያውን በአንድ እጁ ሳብ አደረገው። ከነፕላስቲክ ማቀፊያው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ብዙ አልተናገረም፤ ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጎ እስከ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ጊዜ ሰጠንና ወደ ቀጣዩ መኪና አለፈ። ሰባት ሳምንት የለፋንበት ኒሳን ፓትሮል በሞተሩ፣ በሶስታው፣ ሲገለበጥ ውስጥ ያሉትን በሚጠብቀው የብረት ጎጆው እንከን አልተገኘበትም። የጣለው እኔ በመጨረሻው ማታ በአሥር ደቂቃ ያሰርኩት ቀይ ሲሊንደር ነው።

ጥፋቱ ከየት እንደመጣ አውቀዋለሁ። ሙያ የለመድኩት አዲስ አበባ ነው፤ እዚያ እሳት ማጥፊያ ለእኔ የቦሎ ዕቃ ነበር። ዓመታዊው ምርመራ ሲደርስ ከጎረቤት ተውሰን እናሳያለን፣ ቦሎው ሲለጠፍ እንመልሳለን። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ውስጥ፣ ሻርጃ ኢንዱስትሪ አካባቢ ያለ ጋራዥ ስቀጠርም ያው ልማድ አብሮኝ ተሻገረ። ለፓትሮሉ የገዛሁት ባለ 1 ኪሎ ዱቄት ነበር፤ ማቀፊያው ፕላስቲክ፣ ቦታው ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ።

ያን ማታ ከጋራዣችን ኤሌክትሪሺያን ጋር ተቀመጥን። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ ነው የምላቸው፤ እንግሊዝኛቸውም ከእኔ ይሻላል። ውድድሩ የሚመራበትን የዓለም አቀፉን የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ደንብ አውጥተው፣ አባሪ ጄ አንቀጽ 253 ላይ ስለ እጅ ማጥፊያ የተጻፈውን እየተረጎሙ አነበቡልኝ። ዱቄት ከሆነ ቢያንስ 2 ኪሎ፤ ኤኤፍኤፍኤፍ የሚባለው አረፋ ከሆነ 2.4 ሊትር። የዱቄቱ ግፊት ከ8 ባር ያላነሰ፣ ከ13.5 ያልበለጠ። ሲሊንደሩ ላይ የማጥፊያው ዓይነት፣ መጠኑና ቀጣዩ የምርመራ ቀን መነበብ አለበት፤ ያም ቀን ከተሞላበት ወይም ከተመረመረበት ከሁለት ዓመት መራቅ የለበትም። ማሰሪያው ብረት፣ ቢያንስ ሁለት ቦታ የሚያቅፍ፣ ቶሎ የሚፈታ፣ 25 ጂ፣ ማለትም የሲሊንደሩን ክብደት 25 እጥፍ የሚችል።

"ሲሊንደሩ ከነዱቄቱ ስንት ይመዝናል?" አሉኝ።

"ባለ 2 ኪሎው? 4 ኪሎ ግድም።"

"በ25 አባዛው።"

"መቶ።"

"እንግዲህ መኪናው ከአሸዋው ጫፍ ወርዶ አፍንጫውን ሲተክል ያ ማሰሪያ አንድ ኩንታል ሊሸከም ነው። የትኛው ፕላስቲክ ነው ኩንታል የሚሸከመው ልጄ?"

ኩንታል ሲሉ ገባኝ። ልጅ ሆኜ ወፍጮ ቤት በር ላይ ኩንታል የተሸከሙ ሰዎች ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

አንድ ቃል ግን ጋሼንም አስቸገራቸው፤ ፀረ ቶርፒዶ ይላል። ሲሊንደሩን አስረን በመዶሻ ከታች ወደ ላይ ስንመታው ነው ነገሩ የተገለጠልን። የብረት ቀበቶዎቹ የሚይዙት ጨምቀው ነው፤ ሲሊንደሩ ደግሞ ልሙጥ ቀለም ስለሆነ በቁመቱ ሲገፋ ከመሃላቸው ይሾልካል። አንገቱ የተሰበረ ሲሊንደር መኪና ውስጥ ሲወረወር ማሰብ ይበቃል። ስለዚህ ጫፍና ጫፉ ላይ መንሸራተቱን የሚያግድ የብረት ምላስ ያስፈልጋል፤ ፀረ ቶርፒዶ ያለው ይህንኑ ነው።

ማቀፊያውን በቀጥታ ወለሉ ላይ ብናስረው ላሜራው ይቀደዳል። ከሥር 3 ሚሊሜትር ብረት አስገብተን፣ ወለሉን በመሃል አድርገን በባለ 8 ቡሎንና በሰፋፊ ሮንዴላ አጠበቅነው። የጎጆውን ቱቦ ብበሳ ሥራው ያጥርልኝ ነበር፤ ጋሼ አልፈቀዱም። የተበሳ ቱቦ መኪናው ሲገለበጥ የሚታጠፈው ከቀዳዳው ላይ ነው።

ጠዋት አለፍን። ቦታውን ግን አልቀየርነውም ነበር። ደንቡ ሹፌሩና መንገድ መሪው በቀላሉ ይድረሱበት ይላል፤ መርማሪው እጁን ሰድዶ ስለደረሰበት ፈረመልን። እሱ ግን ወንበር ላይ አልታሰረም። ከውድድሩ በኋላ ይህ ሐሳብ አላስተኛ ስላለኝ ባለመኪናውን ለመንኩት፦ ቀበቶውን በስድስቱም ጫፍ አስሮ፣ ሄልሜቱን፣ የአንገት መከላከያውንና ጓንቱን አድርጎ፣ "እሳት!" ስል ማጥፊያውን እንዲያወጣ። በስልኬ ያዝኩለት። 19 ሴኮንድ ፈጀበት። አንገቱ ስለማይዞር በዳበሳ ነበር የሚፈልገው፤ የፒኑ ቀለበት ውስጥ ደግሞ በጓንት ያለ ጣቱ አልገባ አለ። ባለ 2 ኪሎ ዱቄት ተረጭቶ የሚያልቀው በ10 ሴኮንድ ገደማ ነው፤ እኛ ፍለጋው ላይ ብቻ የዚያን እጥፍ እያባከንን ነበር። ሲሊንደሩን ከመንገድ መሪው ወንበር ፊት ለፊት ወለሉ ላይ አግድም አደረግሁት፣ የማሰሪያው መፍቻ ወደ ላይ። ቀለበቱ ላይ ሰፊ ቀይ ጨርቅ አሰርኩ። ሁለተኛው ሙከራ 6 ሴኮንድ ሆነ።

በዚያ ሰሞን አንድ ሰውዬ ሃሎን የሚባል እሳት ማጥፊያ ጋዝ የያዘ አሮጌ ሲሊንደር "ከዱቄት ይበልጣል፣ ቆሻሻም የለው" ብሎ ሊሸጥልኝ መጥቶ ነበር። ቢሲኤፍ የሚባለው ሃሎን በደንቡ የተከለከለ ነው፤ የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ ባደጉት አገሮች ምርቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ርካሽ ሆኖ ከቀረበላችሁ አትግዙት።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ከወራት በኋላ የሆነው ነው። አንድ የውድድር ወቅት ሙሉ አሸዋ ላይ የተመላለሰ ትርፍ ማጥፊያ ነበረን፤ የግፊቱ መርፌ አረንጓዴው ላይ ነው። ልንሞክረው ጋራዡ ጓሮ ላይ ጨመቅሁት። ጋዙ ፉጨት አሰማ፣ ጥቂት አቧራ ወጣ፣ አለቀ። ስንመዝነው ክብደቱ ብዙም አልቀነሰም። ዱቄቱ ሥሩ ላይ ድንጋይ ሆኗል፤ ጤፍ ጆንያ ውስጥ እየተነቀነቀ ሲሞላ እንደሚጠቀጠቀው ማለት ነው። መርፌው የሚለካው ጋዙን ነው፤ ዱቄቱ መፍሰስ አለመፍሰሱን አይናገርም። ከዚያ ወዲህ በየወሩና ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት አወጣዋለሁ፤ ገልብጬ ቂጡን በጎማ መዶሻ እመታዋለሁ፤ ዱቄቱ ሲንሸራተት በእጄ እስኪሰማኝ አልመልሰውም። ከዚያ እመዝነዋለሁ።

እሳቱ የመጣው በልምምድ ቀን፣ መሊሃ አጠገብ ባለው አሸዋ ላይ ነው። የመሪ ዘይት ቱቦ ከላሜራ ጋር ሲፋተግ ተበስቶ የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ያንጠባጥብ ነበር። ከኮፈኑ ጠርዝ ጭስ፣ ወዲያው ነበልባል። ባለመኪናው ሞተሩን አጥፍቶ ዋናውን የባትሪ ማቋረጫ አዞረ፤ እኔ ማጥፊያውን ይዤ ወረድኩ። ጀርባችንን ለነፋሱ ሰጠን። ኮፈኑን ወለል አድርጎ መክፈት አየር መጋበዝ ስለሆነ በስንዝር ብቻ ከፍ አደረገልኝ፤ ሲሊንደሩን ቀጥ አድርጌ ይዤ በዚያች ክፍተት ወደ እሳቱ ሥር ረጨሁ። ጠፋ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና ተያያዘ፤ ዱቄት ነበልባሉን ይገድላል እንጂ ብረቱን አያቀዘቅዝም፣ ዘይቱ ደግሞ ገና ይንጠባጠባል። ያዳነን አብሮን የነበረው ሁለተኛው ሲሊንደር፣ አረፋው ነው። አረፋ ውሃ አለበትና ብረቱን ያበርዳል፤ ኤሌክትሪክም ስለሚያስተላልፍ ባትሪው አስቀድሞ መቋረጡ በጀን። ደንቡ አንድ ወይም ሁለት ይላል። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሁለት በታች አስሬ አላውቅም፣ አንዱ ዱቄት፣ አንዱ አረፋ።

ዱቄቱን በማግስቱ አጠብን። ለሁሉም እሳት የሚሆነው የተለመደው ዱቄት እርጥበት ሲነካው አሉሚኒየምና የሽቦ ጫፍ ይበላል፤ ሳምንት ቢቆይ ኖሮ የኤሌክትሪኩን ሥራ ጋሼ እንደገና ሊጀምሩት ነበር።

እዚህ ሙቀቱ በሚበረታበት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ሁለቱንም ከመኪናው አወጣለሁ። ሲሊንደሮቻችን ላይ የተጻፈው የሙቀት ጣሪያ 60 ዲግሪ ነው፤ እዚህ ፀሐይ ላይ ተዘግቶ የዋለ መኪና ዳሽቦርዱ ከዚያ ያልፋል። ቀዝቀዝ ያለው የዕቃ ክፍል ውስጥ፣ የምርመራ ቀናቸው ወደ ፊት ዞሮ ይቀመጣሉ።

አሁን ለመጪው ወቅት መልሰን እየገጠምን ነው። ባለመኪናው አዲስ መንገድ መሪ አምጥቷል። ትናንት ማታ አስሬው ቆጠርኩ፤ 11 ሴኮንድ ወሰደበት፣ ግራ እጁን ስላስቀደመ። ዛሬ ከሥራ በኋላ በቀኙ እንሞክረዋለን።