ከአንድ ትሪ የምንበላው የፍራፍሬ ጣፋጭ

ድሬዳዋ ውስጥ እንግዳ ጠርቶ ከምግብ በኋላ ጣፋጭ ለማቅረብ የሚያስቸግረው የፍራፍሬ እጥረት አይደለም። ጠዋት ቀፊራ ገበያ የወጣ ሰው ማንጎውን፣ ፓፓያውን፣ ሙዙን፣ ዘይቱኑንና መንደሪኑን በአንድ ዘንቢል ይዞ ይመለሳል። የሚያስቸግረው ሁሉም ሰው ከአንድ ትሪ እንዲበላ ማድረግ ነው። በእኛ ግቢ እኔና እህቴ ረቡዕና ዓርብን እንጾማለን፤ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ሙስሊም ስለሆኑ ከእንስሳ የተገኘን ነገር አመጣጡን ሳያውቁ አይቀምሱም፤ አማቴ ደግሞ ስኳር ስላለባቸው የጣፋጭ ስም ሲነሣ ፊታቸውን ያዞራሉ። ስለዚህ ወተት፣ እንቁላልና ጄላቲን የሚባለው ማርጊያ የሌለበት፣ ስኳሩም በፍሬው በራሱ የሚሸፈን ነገር መፈለግ ግድ ሆነብኝ።

ይህን የተማርኩት በውርደት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶቻችን ቤታችን አርፈው ነበር። ታኅሣሥ 19 የሚውለው በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሆነ፣ ወተት እስካልገባበት ድረስ የጾም ነው ብዬ ትኩስ ፓፓያ ፈጭቼ በጄላቲን አረጋሁና ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። በማግስቱ ከፍቼ ሳየው እንዳስገባሁት ፈሳሽ ነው። እንደ ጁስ በብርጭቆ ቀድቼ ሳቀርብ ደግሞ ጎረቤታችን ብርጭቆውን ሳይነኩ፣ «ልጄ፣ ማርጊያው ከምንድን ነው የተሠራው?» ብለው ጠየቁኝ። ፓኬቱን አምጥቼ ሳነብ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ መሆኑን አወቅሁ፤ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ግን አልተጻፈበትም። እሳቸው ብርጭቆውን ገፋ ሲያደርጉ፣ ጾመኞቹ ዘመዶቼም ተከትለው ገፉት።

ያልረጋበትን ምክንያት ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ትኩስ ፓፓያ ውስጥ ፓፓይን የሚባል ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለ፤ ጄላቲን ደግሞ ፕሮቲን ነው። አናናስም ብሮመሊን የሚባል ተመሳሳይ ነገር ስላለው ጥሬውን ከጄላቲን ጋር አይሆንም፤ ከተቀቀለ ግን ኢንዛይሙ ስለሚሞት ችግር የለውም። ፓፓያን በወተት ፈጭቶ ያቆየ ሰው መራራ ጣዕም የሚያገኘውም በዚሁ ሰበብ ነው፤ የወተቱን ፕሮቲን ይቆራርጠዋል።

ከዚያ ወዲህ ጄላቲን ቤቴ አልገባም፤ ማርጊያዬ ኮርን ስታርች ሆኗል። ለማንጎ የምጠቀመው ልክ ይህ ነው፦ ተፈጭቶ የተጠለለ ሦስት ብርጭቆ ማንጎ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃና ሰባት የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች። ጭረት የበዛበት ማንጎ ከሆነ መጥለሉን ቸል ማለት አይገባም፤ ጥርስ ውስጥ የሚገባ ክር እንግዳን ያሳፍራል። ስታርቹን በቀዝቃዛው ውኃ በደንብ ከበጠበጥኩ በኋላ ከማንጎው ጋር ቀላቅዬ መካከለኛ እሳት ላይ እጥደዋለሁ፤ ከዚያም የእንጨት ማንኪያዬ ከድስቱ ታች ሳይነሣ አማስለዋለሁ። መጀመሪያ ምንም የማይለወጥ ይመስላል። ቀጥሎ ማንኪያው ይከብዳል፤ ቀለሙ ከደብዛዛ ቢጫ ወደሚያበራ ብርቱካናማ ይሄዳል፤ በመጨረሻም እንደ ገንፎ «ቧ፣ ቧ» እያለ መተንፈስ ሲጀምር፣ እጅ እንዳያቃጥል ራቅ ብሎ ሁለት ደቂቃ ያህል ማማሰል ነው፤ አለበለዚያ የዱቄት ጣዕሙ አይለቀውም። የሎሚ ጭማቂ የሚጨመረው ከእሳት ከወረደ በኋላ ብቻ ነው፤ አሲድ ያለበት ነገር አብሮ ሲፈላ ስታርቹ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ማንጎው በደንብ የበሰለ ከሆነ ስኳር አልጨምርም፤ አማቴ ግማሽ ሲኒ ያህል የሚቀምሱትም ለዚህ ነው። በየብርጭቆው ቀድቼ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ካቆየሁት በኋላ፣ ተቆልቶ የተከካ የባቢሌ ለውዝ ከላይ እነሰንስበታለሁ። ለውዝ የማይስማማው ሰው መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ ደግ ነው።

ልጆች ግን ከዚህ ሁሉ የሙዙን አይስክሬም ይመርጣሉ፤ ልፋትም የለበትም። ልጣጩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የጣለ ሙዝ ተልጦ፣ በስሱ ተቆርጦ፣ ሳይደራረብ ትሪ ላይ ተዘርግቶ ፍሪዘር ውስጥ ያድራል። በማግስቱ ከሁለት ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ጋር ጁስ መፍጫ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ እንደ ፍርፋሪ ይበተናል፤ ጎኑን እየጠረጉ ከታገሡት ግን በድንገት እንደ ክሬም ይለሰልሳል። መፍጫውን እያሳረፋችሁ ፍጩ፤ እኔ በጥድፊያ አንዱን ሞተር አቃጥያለሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ስለሆነች፣ ሰው ሳይሰበሰብ የተፈጨ የሙዝ አይስክሬም ሰላምታው ሳያልቅ ሾርባ ይሆናል። ሐረር ያሉ ዘመዶቻችን በዚህ በኩል ታድለዋል።

ዘይቱን ማርጊያ እንኳን አይፈልግም፤ ፔክቲን የሚባለው የፍራፍሬ ማርጊያ በራሱ ውስጥ አለ። ቀቅሎ፣ ዘሩን አጥልሎ፣ ከስኳር ጋር ማፍላትና ማርማላታ ማድረግ ብቻ ነው። ይህኛው ለአማቴ አይሆንም።

እንግዳ በድንገት ሲመጣ የምሠራው ከጁስ ቤት የምናውቀውን ፓንች ነው፤ ፓፓያ፣ ሙዝና መንደሪን በእኩል መጠን ይከተፋሉ፤ ሙዙ እንዳይጠቁር ወዲያው ሎሚ ይጨመቅበታል። ጁስ ቤቶች ቪምቶ የሚባለውን ጣፋጭ ሽሮፕ የሚያፈሱበትን ቦታ እኔ በሁመር (ኮምጣጣው ታማሪንድ) ተክቼዋለሁ። አንድ እፍኝ ሁመር በለብ ያለ ውኃ ግማሽ ሰዓት ይዘፈዘፍና በእጅ ታሽቶ ይጠለላል፤ ጥቁር ቡናማው ጭማቂ ከፓፓያው ጋር ሲገናኝ የፓፓያውን ለዛ ቢስነት ያነሣዋል። ፓፓያን ብቻውን የሚወድ ሰው ይቅር ይበለኝና፣ ያለ ኮምጣጣ ነገር ፓፓያ ምን ጣዕም አለው?

በረመዳን ከሰዓት በኋላ፣ የመግሪብ አዛን ከመሰማቱ በፊት፣ ስድስት ብርጭቆ የማንጎ ጣፋጭ በትሪ አድርጌ ወደ ጎረቤታችን እልካለሁ። አሁን ከምን እንደተሠራ አይጠይቁኝም። ትሪው በማግስቱ ተምር ተሞልቶ ይመለሳል፤ ይዞት የሚመጣው የልጅ ልጃቸውም በር ላይ ቆሞ፣ «አቦ ይመችሽ ብላለች አያቴ፤ የሙዙስ አይስክሬም መቼ ነው?» ይለኛል።