ጻፊው ያከላት መሥመር

አባዬ ካረፈ ትናንት አርባ ቀን ሞላው። ሰደቃው ተበልቶ፣ የቅሬው ሰዎች ድንኳኑን አፍርሰው፣ በረካውን የጠጡት ሽማግሌዎችም ዱዓ አድርገው ከተሰናበቱ በኋላ፣ እማ ሳጥኗን ከፍታ በነጭ ሻሽ የተጠቀለሉ አራት ደብዳቤዎች አወጣችና «እስቲ አንብቢልኝ» አለችኝ። ደብዳቤዎቹን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። እሱ በሌለበት ቤት ሳነባቸው ግን የመጀመሪያዬ ነው፤ ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ይህን እጽፋለሁ።

አባዬ የኩታበር ገበሬ ነበር። በ1966 ዓ.ም. ድርቅ ሁለት በሬዎቹን አጥቶ እንደገና ሀ ብሎ ጎጆውን በማቅናት ላይ ሳለ፣ በ1969 ዓ.ም. ከየገበሬ ማኅበሩ ሚሊሺያ ሲመለመል እሱም ተመለመለ። እማን ካገባ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠልጥኖ ወደ ሐረርጌ ዘመተ፤ በ1970 ዓ.ም. መስከረም ጅጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ስትወድቅ እሱ ከሐረር በስተምሥራቅ ባቢሌ ግንባር ነበር። ስለ ውጊያው ስንጠይቀው ከብርዱና ከውኃው ጥም አልፎ ብዙ አይነግረንም ነበር። አንደበቱ የሚፈታው ስለ ደብዳቤዎቹ ሲያወራ ነው።

አባዬ ያን ጊዜ ፊደል አልቆጠረም። ደብዳቤዎቹን የጻፈለት አብሮት አንድ ምሽግ ውስጥ የሚያድር፣ ዳዊት የደገመ የወሎ ቦረና ዲያቆን ነበር። አባዬ ይናገራል፣ ዲያቆኑ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ፣ ጉልበቱን ጠረጴዛ አድርጎ ይጽፋል። በመጀመሪያው ደብዳቤ ራስጌ ላይ ዲያቆኑ ከልማዱ የተነሣ ትንሽ መስቀል ሥሎ ኖሮ፣ የሚጽፈው ለማን እንደሆነ ትዝ ሲለው በሰማያዊው ቀለም ደምስሶ ከጎኑ «ቢስሚላህ» ብሎ ጽፏል። አባዬ እርጅና ላይ ሆኖ ያችን ድምስስ በጣቱ እየዳበሰ «ባይደመስሳትስ ምን ነበረበት» ይል ነበር።

አራተኛው ደብዳቤ የተጻፈው አባዬ ግራ ክንዱን በጥይት በተመታ ማግስት፣ ለሕክምና ወደ ሐረር ከመወሰዱ በፊት ነው። እሱ ያስጻፈው «ግዳጅ ስለ በዛብን ደብዳቤ ቢዘገይብሽ አትስጊ፤ እኔ አላህ ይመስገን ደህና ነኝ፤ አብሽሪ» የሚል ብቻ ነው። ከሥር ግን፣ ለመታጠፊያው በቀረችው ጠባብ ቦታ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል እንዲህ የሚል አለ፦ «እኅቴ ሆይ፣ እንዳልጽፍ አስምሎኝ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ግራ ክንዱ ተመቷል፤ ነፍሱ ደህና ናት። ሲመጣ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው።»

ደብዳቤውን ለእማ ያነበበላት የሠፈር ተማሪ ነው፤ እሷም ለማንም እንዳይናገር አስምላ ሰደደችው። ከዚያም ለወንድሟ ልካበት ማሳውን አስቀድማ አሳረሰች። አባዬ ከሆስፒታል ወጥቶ፣ ጋቢውን በግራ ትከሻው ላይ ደርቦ ከደጅ ሲደርስ በቀኙ በኩል ቀርባ አቀፈችው፤ ስለ ክንዱ አንዲት ቃል አልጠየቀችውም። ጋቢውን ራሱ እስኪገልጥ ሦስት ቀን ጠበቀችው። እሱም የታረሰውን ማሳ አይቶ የአማቾቹን ደግነት ሲያመሰግን ከረመ።

የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የካራማራ ድል ሲበሠር ዲያቆኑ በሕይወት አልነበረም።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ አባዬ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ከሚማሩት ጎልማሶች አንዱ ሆነ። እማ የበኩር ወንድሜን ታጠባ ስለ ነበር አልገፋችበትም። ማንበብ የቻለ ዕለት መጽሐፍ አላነሣም፤ ሳጥኑን አስከፍቶ የራሱን ደብዳቤዎች አወጣ። እማ ቡና ስትቆላ እሱ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ አራተኛው ላይ ደረሰ፤ ያችን ደቃቅ ጽሑፍ ጨርሶ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«ታውቂ ነበር?» አላት።

«አውቅ ነበር» አለችው።

ቡናው ሊያር ስለ ነበር ምጣዱን አወረደች። ይህን ሲነግረን ሁልጊዜ እዚህ ላይ ዓይኑ እንባ ያቀር ነበር።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ለጥምቀት ሰሞን ወደ መካነ ሰላም ይሄድ ነበር። የዲያቆኑ እናት እሱ ሲመጣ ዶሮ አስረው ይጠብቁታል፤ በእስላም ጎረቤት እጅ አሳርደው፣ ለእሱ ብቻ በተለየ ድስት ይሠሩለታል። «ልጄ» ይሉታል፣ እሱም «እማዬ» ይላቸዋል። እስኪያርፉ ድረስ አልቀረም።

ሰባት ልጆች በአንድ ደህና እጅ አርሶ አሳደገን፤ የ1977ቱንም ክፉ ቀን እንዴት እንዳሻገረን ዛሬ እናት ሆኜ ሳስበው ይከብደኛል። ለእኔ ግን ከሁሉ በላይ ያደረገልኝ አንድ ነገር ነው። ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ሽማግሌ ተልኮ ሲመጣ በአክብሮት አብልቶ አጠጥቶ፣ «የእናቷ ደብዳቤ በሰው አፍ ተነበበ፤ የእሷን ራሷ ታነበዋለች» ብሎ መለሳቸው። ያኔ ንግግሩ አልገባኝም ነበር።

ትናንት አራተኛው ደብዳቤ ላይ ስደርስ ኩራዝ ሳይሆን አምፖል እየበራልኝ እንኳ ፊደሉ ደበዘዘብኝ፤ ወረቀቱ በመታጠፊያው ላይ ሊበጠስ ደርሷል። ቆም ስል እማ ዓይኗን ጨፍና «እኅቴ ሆይ፣ እንዳልጽፍ አስምሎኝ ነበር» ብላ ጀመረችና ቃል ሳታዛንፍ ወጣችው። ስትጨርስ «ከሥሩ የጻፊው ስም አለ፤ እሱንም ጥሪው፣ አባትሽ ሳይጠራው አይዘጋም ነበር» አለችኝ።

ጠራሁት።