ከማታ ሺፍት በኋላ የምጫወታቸው ትንንሽ ጌሞች

ስደት ላይ ጊዜ ይቆራረጣል። አንዱ ሥራ አልቆ ሌላው እስኪጀምር ትንሽ ክፍተት አለ። አውቶቡስ እስኪመጣ ሌላ ክፍተት። ከማታ ሺፍት ተመልሰህ፣ ሰውነትህ ዝሎ ጭንቅላትህ ግን አልተኛም ያለባት ሰዓት ደግሞ አለች። እነዚህ ቁርጥራጭ ሰዓቶች ለቁም ነገር አይበቁም። ፊልም አይጀመርባቸውም። ቤተሰብ ጋ አይደወልባቸውም፤ እዚያ ወይ ሌሊት ነው፣ ወይ ሁሉም ሥራ ላይ ነው። አልጋ ላይ ተጋድመህ ስልክ እየጎረጎርክ ብታሳልፋቸው ብሶብህ ትነሳለህ።

እኔ እነዚህን ሰዓቶች የሞላኋቸው በትንንሽ የኮምፒውተር ጌሞች ነው። ጌም ሲባል የልጆች ነገር ነው ብሎ የሚያልፈው ወገን ብዙ ነው። ለኔ ግን ከባዶቹን ዓመታት ካሻገሩኝ ነገሮች አንዱ ናቸው፤ ስለዚህ በደንብ ልጽፍላቸው እፈልጋለሁ።

ስለ ትልልቆቹ አይደለም የማወራው። ትልልቆቹ ጥሩ ናቸው፤ ግን ገና ሳትጀምር ብዙ ይጠይቁሃል። ጉልበተኛ ኮምፒውተር፣ የማያልቅ ዳውንሎድ፣ ከዚያ አፕዴት፣ ከዚያ በባዕድ ቋንቋ የሚተረክ ረጅም ታሪክ። የኔ አሮጌ ላፕቶፕ ገና ስማቸውን ሲያይ ፋኑ ይጮሃል። የምወዳቸው አንድ ሰው ብቻውን፣ ወይም ሁለት ሦስት ሆነው የሚሠሯቸውን ኢንዲ ጌሞች ነው፤ በተለይ የድሮውን የአርኬድ፣ ማለትም ሳንቲም እየከተትክ የምትጫወትባቸውን ማሽኖች መንገድ የያዙትን። ትከፍታለህ፣ ወዲያው ትጫወታለህ፣ ትሞታለህ፣ እንደገና ትጀምራለህ።

አዲስ ሀገር ስትገባ ቀኑን ሙሉ ስትገምት ነው የምትውለው። አለቃዬ አሁን ምን አለ? ያ ሰውዬ የሳቀው በኔ ነው ወይስ በሌላ ነገር? ይህ ደብዳቤ ጥሩ ዜና ነው ወይስ መጥፎ? ማታ ቤት ስትገባ የሚደክምህ እግርህ ብቻ አይደለም። ሲገምት የዋለው ጭንቅላትህም ይዝላል። በዚያ ሰዓት ሌላ ጽሑፍ ማንበብ፣ ሌላ ንግግር መከታተል አልችልም ነበር።

ሱፐር ሄክሳጎንን ያገኘሁት በዚያ ወቅት ነው። ቴሪ ካቫና የተባለ አየርላንዳዊ በ2012 ያወጣው ጌም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። መሃል ላይ ባለ ስድስት ጎን ቅርጽ አለ። ከጠርዙ አጠገብ አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን አለች። እሷ አንተ ነህ። ከውጭ ወደ መሃል ግድግዳዎች እየጠበቡ ይመጣሉ፤ ሁሌም ግን ማለፊያ ክፍተት አላቸው። በሁለት ቁልፍ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየዞርክ በክፍተቱ ትሾልካለህ። 60 ሰከንድ ከቆየህ ደረጃውን አሸነፍክ። አለቀ፣ ሌላ የሚነገር ነገር የለውም።

ቀላሉ ደረጃ ላይ የተጻፈው “ከባድ” የሚል ነው። እውነትም ከባድ ነው። ስክሪኑ ይሽከረከራል፣ ቀለሙ ይቀያየራል፣ ቺፕዜል የተባለችው ሙዚቀኛ የሠራችው ሙዚቃ ደረትህ ውስጥ ይደልቃል፣ ገና ቁልፉን በቅጡ ሳትነካ ግድግዳው ይመታሃል። ጥቂት ከቆየህ በኋላ ግን አንድ ነገር ይለወጣል። ዓይንህ ሦስት ማዕዘኗን ትቶ ግድግዳው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ማየት ይለምዳል። ግድግዳዎቹ የተዘበራረቁ ቢመስሉም የሚደጋገሙ ቅርጾች እንዳሏቸው ይገባሃል። ጠመዝማዛውን አንዴ ካወቅከው ጣትህ ሳያማክርህ ይሠራዋል። ትናንት የጣለህን ዛሬ ሳታስበው ታልፈዋለህ።

ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ቋንቋ ስትማር መሻሻልህ ለራስህ አይታይህም። ወረቀት ስትጠብቅ ደግሞ ጭራሽ የምትለካው ነገር የለም፤ ትጠብቃለህ በቃ። እዚህ ግን አንድ ነገር ላይ እየበረታሁ እንደሆነ በዓይኔ አያለሁ፣ ያውም በዚያው ማታ።

ሌላው የወደድኩላቸው ፍትሐዊነታቸው ነው። ስደተኛ ላይ የሚደርሰው አብዛኛው ነገር ምክንያቱ አይታይም። ማመልከቻህ ለምን ዘገየ? የሚነግርህ የለም። ሺፍትህ ለምን ተቀየረ? ተቀይሯል፣ አለቀ። ጥሩ አርኬድ ጌም ላይ ግን የገደለህን ነገር እያየኸው ነው የምትሞተው። ሕጉ ለማንም አያዳላም፤ ትናንት የነበረው ዛሬም አለ።

ይህ ጠባይ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ከድሮዎቹ የሳንቲም ማሽኖች የተወረሰ ነው። ማሽኑ ፊት የቆመ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልገባው ትቶ ይሄዳል። ጨዋታው ከረዘመ ደግሞ ተራ ጠባቂው ሳንቲሙን ይዞ ይሄዳል። የተጫወተው ሰው ተጭበረበርኩ ብሎ ካሰበም ሁለተኛ አያስገባም። ስለዚህ ጌሙ ቶሎ የሚገባ፣ ቶሎ የሚያልቅ፣ ግን “ቆይ፣ አሁን ገባኝ፣ አንዴ ልድገመው” የሚያስብል መሆን ነበረበት።

የቀደሙት ሠሪዎች በምን ያህል ትንሽ ነገር ይህን እንዳደረጉት ሳስብ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ቶሞሂሮ ኒሺካዶ በ1978 ስፔስ ኢንቬደርስን ሲሠራ የማሽኑ ጉልበት ደካማ ነበር። ስክሪኑ ላይ ጠላቶቹ ሲበዙ ሁሉንም ለማንቀሳቀስ ጊዜ ይወስድበታል። እየመታህ ስትቀንሳቸው ሥራው ይቀለውና የቀሩት ይፈጥናሉ። ኒሺካዶ ይህን አላስተካከለውም፤ እንዳለ ተወው። የመጨረሻው አንድ ጠላት እንደዚያ እየከነፈ ሲመጣ የሚሰማህ ጭንቀት ከደካማ ማሽን የተገኘ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣውን የቶሩ ኢዋታኒን ፓክማን ደግሞ ተመልከት። አራቱ መናፍስት የሚለያዩት በቀለም ብቻ ይመስልሃል። ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ቀዩ በቀጥታ ያሳድድሃል። ሮዝማዋ ከፊትህ ቀድማ ልትጠብቅህ ትሞክራለች። ብርቱካናማው ከሩቅ ይመጣብህና ሲቀርብህ ወደ ጥጉ ይመለሳል። ይህን ማንም አይነግርህም። እየተጫወትክ ነው የምትደርስበት።

የዛሬዎቹ ኢንዲ ሠሪዎች ይህን ሁሉ ወርሰው አንድ ነገር አስቀርተዋል፤ ሳንቲሙን። ሱፐር ሄክሳጎን ላይ ስትሞት አንድ ቁልፍ ነክተህ ወዲያው ትመለሳለህ። ሙዚቃው እንኳ ከመጀመሪያው አይነሳም። በኔ ግምት አርኬድ ጌም ካገኛቸው ለውጦች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ስህተት ዋጋ ሳያስከፍልህ ሲቀር ትደፍራለህ፤ ስትደፍር ደግሞ ትማራለህ። በሌላው ኑሮዬ ስህተት እንዲህ ርካሽ ሆኖልኝ አያውቅም።

ስልክ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ነፃ ጌሞች ሳንቲሙን በጓሮ በር መልሰው አስገብተውታል። “ሕይወትህ አልቋል፣ ጠብቅ ወይም ክፈል።” በየሰዓቱ ማስታወሻ ይልካሉ። በየቀኑ ካልከፈትካቸው ሽልማት ይቀርብሃል። እነዚያን አልወዳቸውም፤ ለደከመና ብቸኛ ለሆነ ሰው ወጥመድ ናቸው። እኔ የማወራላቸው ጌሞች አይጠሩህም። ስትመጣ ይጫወታሉ፣ ስትሄድ ዝም ይላሉ።

ሱስን በተመለከተ ግን አንድ ሰው በጣም አከብራለሁ። ዶንግ ንጉየን ይባላል፤ ቬትናማዊ ነው። በ2013 ፍላፒ በርድን ብቻውን ሠራ። ስክሪኑን በነካህ ቁጥር ወፏ ክንፏን ትመታለች፣ በቱቦዎቹ መሃል ታሳልፋታለህ፣ ሌላ ምንም የለም። በ2014 መጀመሪያ ዓለም ሁሉ ያዘው። ከማስታወቂያ የሚያገኘው ገንዘብም ብዙ ነበር። ያኔ ነው የካቲት ላይ ከገበያ ያወጣው። ሰዎች ከልክ በላይ እየተጫወቱት መሆኑ ሰላም ነስቶት ነበር። እኔም ከሱ በኋላ ለራሴ ገደብ አበጅቻለሁ፤ በማግስቱ የጠዋት ሺፍት ካለ ላፕቶፑ አይከፈትም።

ከሠሪዎቹ ሕይወት የምወደው ሌላም አለ። ጃፓናዊው ኦጂሮ ፉሞቶ ዳውንዌልን ከመሥራቱ በፊት የኦፔራ ዘፈን ተማሪ ነበር። በ2015 የወጣው ይህ ጌም ሲጀመር ቀለሙ ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ብቻ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ወደ ታች ትወድቃለህ። ጫማህ ጠመንጃ ነው፤ የምትተኩሰው ወደ ታች ነው። የምትዘልበት ቁልፍ አየር ላይ ስትሆን የምትተኩስበት ይሆናል፤ ተኩሱ ደግሞ ውድቀትህን ያዘገየዋል። ጥይቱ መሬት ስትረግጥ ወይም ጠላት ላይ ስታርፍ ይሞላል። አንድ ቁልፍ ይህን ሁሉ ሲሠራ አየህ? ብዙ ሰው ጥሩ ጌም ማለት ብዙ ነገር ያለው ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ዳውንዌል ውስጥ የሚቀነስ ነገር ፈልጌ አጣሁ።

ሉካ ጋላንቴም አለ፤ ጣሊያናዊ ነው፣ የሚኖረው ግን እንግሊዝ ነው። ቫምፓየር ሰርቫይቨርስን በትርፍ ጊዜው ጀመረው። ግራፊክሱ የ1990ዎቹን ጌም ይመስላል። አንተ የምትሠራው መንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ መሣሪያው ራሱ ይተኩሳል። ከዚያ ጠላቶቹ በመቶዎች እየሆኑ ይጎርፋሉ። ይህ ጌም በ2023 በእንግሊዝ የባፍታ ሽልማት ላይ የዓመቱ ምርጥ ተባለ። አብረውት ከታጩት መካከል ኤልደን ሪንግና ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ ነበሩ፤ ሁለቱም የግዙፍ ቡድን ሥራዎች ናቸው። ዜናውን ሳነብ ከሀገሩ ውጭ የሚኖር ሰው በትርፍ ሰዓቱ የጀመረው ነገር እዚያ መድረሱ በጣም ደስ አሰኝቶኛል።

ሴለስቴ ስለሚባለው ጌምም ሳልናገር አላልፍም። ማዲ ቶርሰንና ኖኤል ቤሪ መጀመሪያ ፒኮ-8 ላይ በ4 ቀን ሠሩት። ፒኮ-8 ሆን ተብሎ የተገደበ የጌም መሥሪያ ነው፤ ስክሪኑ 128 በ128 ፒክስል፣ ቀለሙ 16 ብቻ። ትልቁ ሴለስቴ በ2018 ወጣ። ተራራ ትወጣለህ፣ ብዙ ጊዜ ትወድቃለህ። ግን ውስጡ የተደበቀ ምሕረት አለው። እግርህ ከገደሉ ጫፍ ካለፈ በኋላም ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል መዝለል ትችላለህ። ስትዘል ጭንቅላትህ የግድግዳ ጥግ ቢነካ ትንሽ ገፋ አድርጎ ያሳልፍሃል። ይህን ስትጫወት አታውቀውም። የምታውቀው ጌሙ ከባድ ሆኖ ሳለ እንደማያናድድህ ብቻ ነው። ለማያውቀው ሰው እንዲህ የተጨነቀ ሠሪ እንዳለ ሳውቅ ልቤ ተነክቷል።

መጀመሪያ የኖርኩበት ቤት በርካታ ሰዎች የምንጋራው ነበር። የጋራ ቋንቋ የለንም። በሰላምታና በፈገግታ ነበር የምንተላለፈው። አንድ ማታ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑን ከፍቼ ሱፐር ሄክሳጎን ስጫወት አንዱ ከኋላዬ ቆሞ አየ። ወንበሩን ለቀቅኩለት። ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም። ሌላው መጣ፣ ሌላው መጣ። በኋላ ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጠፍን፤ ስምና ሰከንድ እንጽፍበት ነበር። በ1979 አስቴሮይድስ ማሽን ላይ ሰዎች የስማቸውን ሦስት ፊደል ያስገቡ እንደነበረው ማለት ነው።

በቤቱ ካሉት አማርኛ የሚናገሩት አንድ ጋሼ ብቻ ነበሩ። በዕድሜ ትልቃችን ናቸው፣ ሌሊት የሚሠሩ። አንድ ቀን ጠጋ ብለው፣

“ልጄ፣ ሁላችሁም የምትጮኹበት ይሄ ነገር ምንድነው?” አሉኝ።

“ይቀመጡ ጋሼ፣ ላሳይዎት። በዚህ ወደ ግራ፣ በዚህ ወደ ቀኝ ነው።”

“ሌላስ?”

“ሌላ የለም።”

“ታዲያ በሁለት ቁልፍ ይሄ ሁሉ ጎረምሳ እንዴት ይሸነፋል?”

ጀመሩ። ወዲያው ሞቱ። ዝም ብለው ስክሪኑን አዩት። “ቆይ፣ ይሄ አልተቆጠረም” አሉና ደገሙት። ቆይተው ስማቸው ወረቀቱ ላይ ወጣ፤ ከኔም ብዙ አልራቀም።

መሞከር ለሚፈልግ የኔን ልምድ ልንገር። እንደ ድካሙ ነው የምመርጠው። ሰውነቴ ደክሞ ጭንቅላቴ አልተኛም ካለ ሱፐር ሄክሳጎን፤ ሌላ ሐሳብ የሚገባበት ቦታ አይተውለትም። ቁጭት ይዤ ከሥራ ከመጣሁ ዳውንዌል። የዕረፍት ቀን ላይ ሰፋ ያለ ሰዓት ካገኘሁ ሴለስቴ፤ እዚያ ላይ ቅንብሩ ውስጥ ገብተህ ፍጥነቱን መቀነስም ትችላለህ፣ ለጀማሪ አታፍርበት። ሁሉም ነገር ሲዝል ደግሞ ቫምፓየር ሰርቫይቨርስ፤ አንድ እጅ ይበቃዋል፣ አንዱ ዙር ቢበዛ 30 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ከዚያ ሞት ራሱ መጥቶ ይዘጋዋል። አራቱም የኔ ዓይነት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ይሠራሉ። የምትጀምረው ከየትኛውም ይሁን ድምፁን አትዝጋው፤ ሌላው ሰው ከተኛ ማዳመጫ አድርግ።